መብራቱ ቫይታሚን ዲዬን ከፍ አደረገው፤ ታዲያ ክኒኑ ለምን አይበቃኝም? (ሶሪያሲስ፣ አዳማ)

የፍራንኮዋ፦ ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንብቤ ብቻ የምወጣ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ክርኔ ላይ የሳንቲም ያህል ሆኖ ጀመረ። መጀመሪያ ጭርት ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ችፌ። ራሴ ላይ ሲወጣ ደግሞ ፎረፎር። የገዛሁት ቅባት ቢደረደር ትንሽ ሱቅ ያስከፍታል። አምና ጀርባዬንና እግሬን ሲያዳርሰው አዲስ አበባ ሄድኩና ስሙን በትክክል ሰማሁ። ሐኪሟ የብርሃን ሕክምና አዘዘችልኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

እንግዲህ አስቡት። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዳማ እነሳለሁ። በፍጥነት መንገዱ እሄዳለሁ። ቁም ሳጥን የመሰለ ማሽን ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጌ እቆማለሁ። መብራቱ በርቶ እስኪጠፋ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ተመልሼ ወደ ሥራ። አለቃዬ እስካሁን ታግሶኛል፤ እስከ መቼ እንደሚታገሰኝ ግን አላውቅም።

ውጤቱ ግን አለ። 24 ጊዜ ገብቻለሁ። ጀርባዬ ጸድቷል፤ አልጋዬ ላይ ቅርፊት መጥረግ ትቻለሁ። የቀረኝ ቅልጥሜ ላይ ነው። እናቴ ብቻ «ልጄ ምን ነካሽ፣ ከሰል መሰልሽ» ትለኛለች።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። ከመጀመሬ በፊት ቫይታሚን ዲዬ 14 ነበር። አሁን 33 ሆኗል። ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «በቃ ታወቀ! መብራቱ የሚሠራው በቫይታሚን ዲ ነው። ክኒኑን ልላክልሽና መንገዱን ተይው» አለኝ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። ግን ደግሞ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «መብራቱ ፎሊክ አሲድ ይጨርሳል» የሚል ነገር አንብባ አስደነገጠችኝ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው፤ ልጅም ቶሎ እንፈልጋለን። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ።

ባለባጃጁ፦ ሰኞ ማታ 3:31

ይቅርታ እህቴ፣ ግን ሳቅኩ። አዳማ ተቀምጠሽ ፀሐይ ፍለጋ አዲስ አበባ? የአዲስ አበባ ሰው እኮ ብርድ ሲመረው ወደ እኛ ነው የሚመጣው። 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ያለበት አገር ላይ ለመብራት መክፈል ምን ይሉታል? ቀን 6 ሰዓት ላይ ፖስታ ቤት አካባቢ ቁሚ። በነጻ።

የፍራንኮዋ፦ ሰኞ ማታ 3:40

ፖስታ ቤት ጋ ልብሴን አውልቄ? አንተ ባጃጅህን ታዞርና ትጋርደኛለህ?

መምህር ነኝ፦ ሰኞ ማታ 4:02

ባለባጃጁ፣ ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ስለ 13 ወር ፀሐይ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔም ባዮሎጂ እያስተማርኩ ሳላውቀው የቆየሁት ነው። እዚሁ አዳማ ከተማና በአዳማ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች በተማሪዎች ላይ ጥናት ተሠርቷል። የታተመው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 174 ልጆች ደም ተመረመረ። 42 ከመቶዎቹ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው። የሚገርመው ልዩነቱ ነው፤ በገጠር 21.2 ከመቶ ሲሆን ከተማ ውስጥ 61.8 ከመቶ!

ፀሐይዋ ያው አንድ ናት። የገጠሩ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል። የከተማው ልጅ ከክፍል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቴሌቪዥን። ሰማዩ ላይ ፀሐይ መኖሩና ቆዳችን ላይ ማረፏ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ባለባጃጁ፦ ሰኞ ማታ 4:09

እሺ ቲቸር። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ውጭ ነኝ፤ የእኔ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው።

መምህር ነኝ፦ ሰኞ ማታ 4:15

ጣሪያ ሥር፣ ረጅም እጅጌ ለብሰህ? መስታወት ያለው መኪና የሚነዳማ ጭራሽ አያገኝም። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ነው፤ ተራ መስታወት ደግሞ ዩቪቢን አያሳልፍም። ሙቀቱ ይሰማሃል፣ ቫይታሚኑ ግን የለም።

የላብ ሰው፦ ማክሰኞ ጠዋት 2:20

የፍራንኮዋ፣ ቁጥርሽን ከማንም ጋር ከማወዳደርሽ በፊት ወረቀቱ ላይ መለኪያውን እዪ። ቫይታሚን ዲ በሁለት መለኪያ ይጻፋል። አንዱ ናኖግራም በሚሊሊትር ነው፣ ሌላው ናኖሞል በሊትር። የመጀመሪያውን በ2.5 ስታበዢው ሁለተኛው ይመጣል። ስለዚህ 20 ናኖግራምና 50 ናኖሞል አንድ ናቸው።

አንድ ደንበኛ የራሱ ውጤት 24፣ ውጭ አገር ያለች እህቱ ደግሞ 60 ሆኖባቸው፣ እሷ ላይ ለመድረስ ክኒኑን እጥፍ አድርጎ ሲውጥ ከርሞ መጣ። ብታሰሉት ሁለቱም እኩል ነበሩ።

ብዙ ሐኪሞች ከ20 ናኖግራም በታች የሆነውን እጥረት ይሉታል፤ ከ20 እስከ 30 ያለውን ደግሞ በቂ ያልሆነ። ያንቺ በናኖግራም ከሆነ 14 እጥረት ነበር፤ 33 ጥሩ ነው። በናኖሞል ከሆነ ግን 33 ራሱ ገና እጥረት ነው።

የፍራንኮዋ፦ ማክሰኞ ጠዋት 2:48

አሁን አየሁት፣ ናኖግራም ነው። ተመስገን። ልቤ ቆሞ ነበር።

ቆዳ ክፍል፦ ማክሰኞ ማታ 2:05

ሰላም ሁላችሁም። የቆዳ ሕክምና እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ። የፍራንኮዋ፣ ያንቺን ውሳኔ የምትወስኑት አንቺና ሐኪምሽ ናችሁ፤ እኔ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ።

ሶሪያሲስ የቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ቆዳውን ያጣድፈዋል። ጤነኛ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ላይ ግን ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። ያልበሰለው ሴል ላዩ ላይ ይከመራል፤ ቅርፊት የምትዪው እሱ ነው።

አንቺ የገባሽበት ማሽን ናሮውባንድ ዩቪቢ ይመስለኛል። 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ብቻ መርጦ የሚያወጣ አምፖል ነው። ይህ ጨረር ቆዳሽ ውስጥ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል። አንደኛው፣ ቆዳሽ ውስጥ ገብተው እሳቱን የሚያነዱትን ነጭ የደም ሴሎች ይገድላል፤ የሴሎቹንም መባዛት ያቀዘቅዛል። ቅርፊቱን ያነሳልሽ በዋነኛነት ይህ ነው። ሌላው፣ ቆዳ ውስጥ ያለ ኮሌስትሮል መሰል ነገር ጨረሩን ሲያገኝ ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ጉበት ይቀበለውና ላቦራቶሪ የሚለካውን ዓይነት ያደርገዋል። ያንቺ 33 ከዚያ መጣ።

ስለዚህ ቁጥሩ መጨመሩ አይገርምም። በብዙ አገር የሶሪያሲስ ታካሚዎች ላይ ታይቷል፤ አየርላንድ ውስጥ በክረምት በተደረገ ጥናት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ብዙ የሚጨምርላቸውም እንዳንቺ ዝቅ ብለው የጀመሩት ናቸው። ነገር ግን ቫይታሚን ዲው በጣም የጨመረለት ሰው ቆዳው በጣም ጸዳ ማለት አይደለም። ሁለቱ እኩል አይሄዱም። ሶራሌን የሚባል መድኃኒት ወስደው ዩቪኤ በሚባል ሌላ ዓይነት ጨረር የሚታከሙ ሰዎችን ተመልከቺ። ዩቪኤ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ቁጥራቸው ንቅንቅ አይልም፤ ቆዳቸው ግን ይጸዳል።

ቡና ሲቆላ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል አይደል? ጭሱ ቡና መቆላቱን ይነግርሻል። ጭሱን ስለሸተትሽ ግን ቡና ጠጣሽ ማለት አይደለም። የአጎትሽ ልጅ ሊልክልሽ ያሰበው ጭሱን ነው።

የኦስሎው፦ ማክሰኞ ማታ 2:50

ቡናው ተመቸኝ። እኔ ኖርዌይ ነው የምኖረው፤ ሶሪያሲስም ቫይታሚን ዲ እጥረትም ሁለቱም አሉብኝ። እዚህ በክረምት ፀሐይ እንደ ዘመድ ናት፣ ለሰላምታ ብቅ ብላ ትሄዳለች። ሐኪሜን ያንቺኑ ጥያቄ ጠየቅኩትና ትሮምሶ በምትባል የኖርዌይ ከተማ ስለተሠራ ጥናት ነገረኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ 122 የሶሪያሲስ ታካሚዎች ነበሩ። ለግማሾቹ መጀመሪያ 100,000 ዩኒት፣ ከዚያ በየሳምንቱ 20,000 ዩኒት ለአራት ወር ተሰጣቸው። ለቀሩት ባዶ ክኒን። የደማቸው ቁጥር ከፍ አለ። ሶሪያሲሳቸው ላይ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀለል ያለ ስለነበር ለሁሉም ሰው መደምደሚያ አይሆንም ብሎኛል። ግን እኔን አሳምኖኛል። ክኒኑን አሁንም እወስዳለሁ፤ ለአጥንቴ ብዬ ነው እንጂ ለቆዳዬ አይደለም።

ኦርጅናል ዕቃ፦ ማክሰኞ ማታ 3:12

(ይህ ጽሑፍ በአድሚን ተነስቷል)

አድሚን፦ ማክሰኞ ማታ 3:14

«ሶሪያሲስን ከሥሩ የሚነቅል ቫይታሚን፣ ኢንቦክስ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ቤት ቦታ የላቸውም። ሁለተኛ ጊዜህ ነው።

የድሮ ናዝሬት ልጅ፦ ማክሰኞ ማታ 4:00

ልጆቼ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ይህ ነገር ሲጀምረኝ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ለምጽ ነው ያለኝ አለ። ስጋ ደዌ ነው ብሎ ስኒውን የለየብኝም አለ። ያ ቆዳውን ከማከክ በላይ ያማል። ፀበል ሄጃለሁ፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቻለሁ። ሶደሬ ስቀመጥ ቅርፊቱ ይለሰልስልኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ውሃው ነው ወይስ ፀሐይ ላይ መዋሌ ነው እላለሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሄጄ ሙት ባሕር አሳዩን። ሰዉ ራቁቱን ለመሆን ትንሽ ቀርቶት ተዘርግቷል። አስጎብኚው እነዚህ የእኔው በሽታ ያለባቸው ናቸው፣ ከአውሮፓ ድረስ ለፀሐዩ ይመጣሉ አለን። እንግዲህ ባለባጃጁ ልጅ የተናገረው እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ዶክተሩ ምን ትላለህ?

ቆዳ ክፍል፦ ማክሰኞ ማታ 4:25

ጋሼ፣ ትክክል ብለዋል። ፀሐይ ሶሪያሲስን ታሻሽላለች፤ የመብራቱም ሐሳብ የመጣው ከእሷ ነው። የሙት ባሕር ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጨረሩ እዚያ ለመድረስ ተጨማሪ አየር ያቋርጣል፤ ስለዚህ የሚያቃጥለው ክፍል ይቀንስና ሰዉ ብዙ ሰዓት መተኛት ይችላል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። የተቃጠለ ወይም የተጫረ ቆዳ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲሻልዎ ብለው ሊብስብዎ ነው። የማሽኑ ጥቅም ልኬቱ ነው። በጥቂት ሰከንድ ይጀምራል፣ በየሰዉ ቆዳ ልክ ቀስ እያለ ይጨምራል።

ፀሐይ የሚሞቅም ሰው ካለ ሌላ ነገር ልብ ይበል። የጠዋት 1 ሰዓት ፀሐይ ደስ ትላለች፤ ዩቪቢ ግን የላትም ማለት ይቻላል። ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ነው ዩቪቢው የሚበረታው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ሜላኒኑ (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) እንደ ጃንጥላ ስለሚከላከል ያንኑ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ባለባጃጁ፦ ማክሰኞ ማታ 4:31

እኛም ከባሕር ወለል በታች ቦታ አለን እኮ። ዳሎል! የፍራንኮዋን ዳሎል እንውሰዳት።

የድሮ ናዝሬት ልጅ፦ ማክሰኞ ማታ 4:40

አንተ ልጅ፣ ልጅቷን ለሠርጓ ጠብሰህ ልታደርስ ነው?

አዲስ አባት፦ ረቡዕ ጠዋት 3:05

ሞኝ ጥያቄ ነው ግን ልጠይቅ። ልጃችን ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ መብራት ሥር ሦስት ቀን አስተኝተውት ነበር። ያ ማሽን በየሆስፒታሉ አለ። የእኔ ሶሪያሲስ ሁለት ክርኔ ላይ ብቻ ነው። እጄን እዚያ ባስገባስ?

ሲስተር ነኝ፦ ረቡዕ ጠዋት 3:50

ሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እኔም ሥራ ስጀምር አንድ ይመስለኝ ነበር። የሕፃናቱ መብራት 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ በዓይን የሚታይ። ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ነገር ይለውጥና በሽንትና በሰገራ እንዲወጣ ያደርጋል። ዩቪቢ የለውም። ሶሪያሲስህን አያክምም፣ ቫይታሚን ዲም አይሠራልህም። ይልቅ እዚያ መብራት ሥር የሚጎዳው ቫይታሚን ቢ2 ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ይሰብረዋል። ለዚህም ነው ሕፃኑ ጡት እንዳይቋረጥበት የምንጨቀጭቃችሁ። እና እባክህ፣ የሕፃን አልጋ ውስጥ ክርንህን ይዘህ አትምጣብን።

የፍራንኮዋ፦ ረቡዕ ማታ 2:30

የክኒኑ ነገር ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ትንሽ አዝኛለሁ፤ መንገዱ ሊቀርልኝ ነው ብዬ ነበር። የፎሊክ አሲዱን ግን ማንም አልነካውም። እሱ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ቆዳ ክፍል፦ ረቡዕ ማታ 4:10

ልክ ነሽ፣ ረሳሁት። ዛሬ ተረኛ ስለሆንኩ ቁራጭ ቁራጭ ነው የምጽፈው።

ባልደረባሽ ያነበበችው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. ብራንዳና ኢተን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ላይ ብርሃን አብርተው ውስጡ ያለው ፎሌት ሲበላሽ አሳዩ፤ ፎሊክ አሲድ የፎሌት አንዱ ዓይነት ነው። የሰው ልጅ ቆዳ ፀሐይ በበዛበት አገር ጥቁር የሆነው ፎሌቱን ለመጠበቅ ይሆናል የሚለው ሐሳብም ከዚያ ተነሣ። ግን ልብ በይ፣ ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ፕላዝማ ነው። ያንቺ ደም ከቆዳሽ ሥር ነው የሚዞረው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ቆዳውም ሜላኒኑም አለ።

የናሮውባንድ ዩቪቢ ታካሚዎች ደም ሲለካ ውጤቱ ተከፍሏል። አንዳንዶቹ ጥናቶች ምንም ለውጥ አላገኙም። ሌሎቹ ከብዙ ዙር በኋላ መጠነኛ መቀነስ አይተዋል። ስለዚህ «ይጨርሳል» የሚለው የተጋነነ ነው፤ «ምንም አይነካም» ማለትም አልችልም። ላንቺ ግን መልሱ ቀላል ነው። መብራት ብትገቢም ባትገቢም ማርገዝ የምታስብ ሴት ፎሊክ አሲድ መውሰድ አለባት። በቀን 0.4 ሚሊግራም፣ ከማርገዝ በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። አገራችን ውስጥ የሕፃናት የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ብዙ ነው፤ ያ የሚፈጠረው ደግሞ እናትየው ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጤና ጣቢያ ካረገዙ በኋላ የሚሰጠው አይረን ፎሊክ (የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን) ለዚህ ይዘገያል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ አሁኑኑ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ሌላም የምሥራች አለ። ናሮውባንድ ዩቪቢ ብታረግዢ እንኳ ከማይከለከሉት ሕክምናዎች አንዱ ነው። ከሶሪያሲስ መድኃኒቶች መካከል ለነፍሰ ጡር የማይፈቀዱ አሉ፤ ሜቶትሬክሴት አንዱ ነው፣ አሲትሬቲን ደግሞ ካቆሙት በኋላ እንኳ ሦስት ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል። እና ያ የምታማርሪው የሌሊት መንገድ ላንቺ ዕድሜ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሲስተር ነኝ፦ ረቡዕ ማታ 4:32

ሽሮና ምስርም አትርሺ። ጎመንም። ፎሌት ሞልቷቸዋል። ጾም ላይ ነሽ መሰለኝ፤ ፎሌት አይቸግርሽም፣ የሚቸግረው ቢ12 ነው። እሱ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ምግቡ የክኒኑን ቦታ አይተካም ግን፤ ሁለቱንም።

ዝም ብዬ የማነብ፦ ሐሙስ ጠዋት 4:15

ሜቶትሬክሴት ሲባል ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

አጎቴ ሶሪያሲስ ኖሮበት ይህ መድኃኒት ታዘዘለት። ስድስት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አይነበብም ነበር። መድኃኒቱን የሰጠው ባለሙያም በቃል «ስድስት ስድስት» ብሎ ሰጠው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ መድኃኒት የሚያውቀው በቀን ነው። በየቀኑ ስድስት ዋጠ። በሳምንቱ አፉ ውስጥ በሙሉ ቆሰለ፣ ምራቅ መዋጥ አቃተው። ሆስፒታል ሲደርስ የደም ሴሎቹ አልቀው ነበር። ሜቶትሬክሴት የፎሊክ አሲድን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው አሉን። ማርከሻው ፎሊኒክ አሲድ ይባላል፤ እሱን ፍለጋ ሁለት ከተማ ዞርን። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቆዳው እስካሁን አልጸዳም፤ ሌላ መድኃኒት ደግሞ እምቢ ብሏል።

ፎሊክ አሲድን ሊያሳጣ የሚችለው መብራቱ ሳይሆን ይህ ነው ለማለት ነው።

ቆዳ ክፍል፦ ሐሙስ ቀን 7:00

በጣም አዝናለሁ። ይህን ስህተት እኔም አይቻለሁ። ሜቶትሬክሴት ለሶሪያሲስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የቀኑን ስም አስጽፉ፤ «ሰኞ ብቻ» ተብሎ በእስክሪብቶ በትልቁ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፣ ግን በሌላ ቀን ነው የሚወሰደው። አጎትህም በሳምንት አንዴ ቢወስደው ኖሮ ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም።

መምህር ነኝ፦ ሐሙስ ማታ 1:45

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ቫይታሚን ዲ ሶሪያሲስን አያድንም ከተባለ፣ ሐኪም ለወንድሜ የሰጠው ካልሲፖትሪኦል የሚባል ቅባት ከቫይታሚን ዲ የተሠራ ነው ተብሏል። ይጋጫል።

ቆዳ ክፍል፦ ሐሙስ ማታ 3:20

ጥሩ ያዝከኝ። አይጋጭም። ታሪኩ ጃፓን ውስጥ ነው የጀመረው። በ1985 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ለአንድ ሰው ለአጥንት መሳሳት የቫይታሚን ዲ ዓይነት መድኃኒት ሲሰጡት ሶሪያሲሱ አብሮ ለቀቀው። ካልሲፖትሪኦልን የመሳሰሉ ቅባቶች ከዚያ በኋላ መጡ። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ቅባቱ ቁስሉ ላይ የሚያደርሰውን ያህል በአፍ ልታደርስ ብትል ደምህ ውስጥ ካልሲየም በጣም ይጨምርና ኩላሊትህን ይጎዳል። ቅባቱም ቢሆን በሳምንት ከ100 ግራም እንዳያልፍ የሚባለው ለዚሁ ነው።

የፍራንኮዋ፣ ይህን ቅባት የምትጠቀሚ ከሆነ መብራት ከመግባትሽ በፊት አትቀቢው፤ ጨረሩ ያበላሸዋል። ከወጣሽ በኋላ ነው።

የፍራንኮዋ፦ ሐሙስ ማታ 3:26

ኡኡ! ሁልጊዜ ሌሊት ከመውጣቴ በፊት ነው የምቀባው! ማንም አልነገረኝም። ያ ሁሉ ውድ ቅባት...

የኦስሎው፦ ሐሙስ ማታ 3:35

እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ አይዞሽ። አንድ ነገር ልጠይቅ ግን። መብራቱ ቫይታሚን ዲ ከሠራ፣ እኔም በላዩ ላይ ክኒን ከዋጥኩ አይበዛብኝም?

ቆዳ ክፍል፦ ሐሙስ ማታ 3:58

በመብራቱ በኩል አይበዛም። ቆዳ ብልህ ነው፤ ጨረሩ ሲበዛ የተሠራውን መልሶ ወደማይጠቅም ሌላ ነገር ይቀይረዋል። በፀሐይ ብዛት በቫይታሚን ዲ የተመረዘ ሰው የለም። ክኒን ግን እንዲህ ዓይነት ፍሬን የለውም። በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን 50,000 ዩኒት ክኒን በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊመረዝ ይችላል። መብራት ላይ ያለ ሰው ክኒን ከመጨመሩ በፊት ቢለካ ይሻላል። ደግሞ መብራቱ ሲያልቅ ቁጥሩ እዚያው አይቆይም። ደም ውስጥ ያለው በሁለት ሦስት ሳምንት በግማሽ ይወርዳል፤ ከፀሐይ ወይም ከምግብ ካልተተካ ወደነበረበት ይመለሳል። የፍራንኮዋ ያኔ ነው ክኒን ሊያስፈልጋት የሚችለው።

የፍራንኮዋ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 2:15

ተመለስኩ። ሐኪሜን ሁሉንም ጠየቅኳት፤ ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ነበር፣ ሳቀች። ፎሊክ አሲድ ጀምሬያለሁ። ቅባቱን ከመብራት በኋላ አደረግኩ። 33ኛው የመብራት ዙሬ ላይ ነኝ። ቅልጥሜ ላይ ያለው ስስ ሆኗል፤ በቀሚስ ባይታይም እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ። ቫይታሚን ዲውን መብራቱ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ እንለካዋለን አለችኝ። ለአጎቴ ልጅ የቡናውን ምሳሌ ነገርኩት፤ «እሺ ክኒኑን ተይውና ለሠርጉ ሽቶ ልላክልሽ» አለ። ለእናቴ ደግሞ መጥቆሩ መብራቱ ሲያልቅ ይለቃል ብያታለሁ። አላመነችኝም።

አሁን የቀረኝ መንገዱ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ? ነዳጅ እንጋራ።

አዲስ አባት፦ እሑድ ማታ 2:40

እኔ አለሁ። ክርኔን መብራት ላስጀምረው ነው፣ እውነተኛውን። ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ፍራንኮ አደባባይ ጋ አቁሜ እጠብቅሻለሁ። ነጭ ቪትዝ ናት።

ባለባጃጁ፦ እሑድ ማታ 2:44

ከቤትሽ እስከ አደባባዩ ያለውን እኔ አለሁ። ሌሊት ነው፣ ፀሐይ የለም፣ አልጋርድሽም።